ማን ልበል ያለችው ጃንጥላ ሰፊ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። መጠየቅ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ይልቅ የምላችሁን ስሙ፤ ነገሩ ሲሆን እዚያው ነበርኩ፤ እኔ የነበርኩበት ነገር ደግሞ ትንሽ ሆኖ አያውቅም።

ከተማችን በተራራና በሐይቅ መካከል የተቀመጠች ናት። ተራራው ከዓለም ተራሮች ሁሉ ይበልጣል፤ ሐይቁም እንደዚሁ። ሌላ አገር ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ አይተናል ይላሉ፤ ከመንገድ የመጣ ሰው ድካም አለበት ብለን አንከራከራቸውም። በዚች ከተማ እኔ የትውውቅ ሹም ነኝ። ሥራዬ ሰው ሁሉ ከሰው ሁሉ ጋር መተዋወቁን ማረጋገጥ ነው፤ ለዚህም ዘርፍ የተንጠለጠለበት ቆብ ተሰጥቶኛል። ከኔ በፊት የነበረው ሹም ሰውን በመልኩ ነበር የሚያውቀው፤ እኔ በሳሉ አውቃለሁ። ጨለማ ቤት ውስጥ መቶ ሰው አስልልኝ፤ መቶውንም በስም ከነአባት እጠራልሃለሁ። ይህን ችሎታ የፈተነ ሰው እስካሁን የለም፤ መፈተን ራሱ ነውር ስለሆነ።

ሕጋችን አጭር ነው። አንድ ሰው ሰላምታ ሰጥቶህ «አወቅከኝ?» ካለህ መልሱ «እንዴት አላውቅህም!» ነው፤ ሌላ መልስ የለም። «አላወቅኩህም» ያለ፣ ወይም ስልክ አንስቶ «ማን ልበል?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ያንን ሰው አዋርዷል። ካሳውም የታወቀ ነው፤ የተዋረደውን በጀርባው አዝሎ እስከ ቤቱ ደጃፍ ያደርሰዋል። አንድ ጊዜ አንድ ቀጭን ጸሐፊ አፉ አምልጦት የሉካንዳውን ባለቤት «ማን ልበል?» አለው። የሉካንዳው ባለቤት ቤት ዳገት ላይ ነው። ጸሐፊው ከዚያ ወዲህ አጎንብሶ ነው የሚሄደው፤ የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስላል፤ እንዲያውም ብዙ ነገር አግኝቷል።

ልማዱ ከክፋት የመጣ እንዳይመስላችሁ። አያቶቻችን ያወጡት ከደግነት ነው። በክፉ ቀን ሰው ከሩቅ መጥቶ ደጅ ሲመታ፣ ማን ነህ ከየት ነህ እያሉ በብርድ ከማቆም ይግባ፣ ይብላ፣ ይተኛ፤ ማንነቱ ነገ ይደርሳል ተባለ። ነገ መጣ፤ ሰውየው በልቶ ጠግቦ ነበርና ማንም ሊጠይቀው አፈረ። እንደዚያው ሕግ ሆኖ ቀረ።

ለኔ ሥራ ግን ሕጉ ቀላል አልነበረም። ለማላውቀው ሰው ምን እላለሁ? የማላውቀው ሰው የለም እንጂ፣ ቢኖር ማለቴ ነው። ዘዴ ፈጠርኩ። ትከሻውን ይዤ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» እለዋለሁ። ያ ነገር የሌለው ሰው ከሴት አልተወለደም። አንዱ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ አንዱ ስለ ጉልበቱ፣ አንዱ ስለ አማቱ ይነግረኛል፤ ነግሮኝም ሲጨርስ ይህ ሹም እኔን አይረሳም እያለ ይሄዳል።

እንዲህ ስንኖር ስልክ መጣ፤ ስልክን ተከትሎ የሩቅ ገበያ መጣ። የሩቅ ገበያ በእግር የማይደረስበት ገበያ ነው። ነጋዴው ስልኩን ከፍቶ ይገባል፣ የዕቃውን ፎቶ ይሰቅላል፣ አይቶት የማያውቅ ሰው ከማያውቀው አገር ቀብድ ይልክለታል። ሁሉም ነጋዴ እዚያ በስሙ የሚጠራ ደጃፍ አለው። የደጃፉ ቁልፍ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ደጃፉን በሌላ ስልክ ልክፈት ሲል፣ ቁጥሩ በመልእክት ወደ ባለቤቱ ይመጣል። ያንን ቁጥር ለሌላ ያነበበ፣ ሱቁን ከነስሙ አስረከበ ማለት ነው። የገበያው ጌቶች የት እንደሚኖሩ የሚያውቅ የለም። አቤቱታ ሲጻፍላቸው «አቤቱታዎ ለእኛ ክቡር ነው» የሚል መልስ ዓይን ሳይጨፈን ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጅ ተወልዶ ቢዳር ሌላ ቃል አይመጣም።

እትዬ ትርንጎ ጃንጥላ ሰፊ ናት። የሷን ጃንጥላ ያየች ፀሐይ ራሷ ከሥሩ መጠለል ያምራታል። ለሠርግ፣ ለበዓል፣ ለሹመት፣ ቀይና ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ትሠራለች፤ ስሙም የትርንጎ ጥላ ነው። ስሙን ያወጡት እናቷ ናቸው፤ ልጃቸው ገና ስትወለድ በስሟ ሱቅ ከፈቱ። እሷ ዘንድ የሚሰፉ የስንት ሴቶች ምድጃ በዚያ ስም ይነድዳል።

ሰው እትዬ ትርንጎ ወደ ሩቅ ገበያ የገባችው ለትርፍ ነው ይላል። እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ። ዳምጠው የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። እናታቸው ሱቅ ስለሚውሉ እሷ ናት ያሳደገችው። ጎረምሳ ሳለ ከቤት ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም ወሬም የለም። እትዬ ትርንጎ ስለሱ አታወራም። ነገር ግን በሩቅ ገበያ ደጃፏ ላይ የሱቁን ስም ከጃንጥላው አስበልጣ ጻፈችው፤ የእናቷንም ፎቶ ከጎኑ ሰቀለች። ጃንጥላ የሚገዛ ሰው የእናትዋን ፎቶ ምን ያደርገዋል? ያ ፎቶ የተሰቀለው ለአንድ ሰው ነው። የትም አገር ይሁን፣ አንድ ቀን ስልኩን ሲነካካ ያንን ስም ያየ እንደሆነ ይደውላል ብላ ነው። ስልኳን አንድም ቀን አጥፍታው አታውቅም።

ድምፁ የመጣው ክረምቱ ሲያበቃ ነው። ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ጉንፋን የነካው፣ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ድምፅ ነበር። ስልኩን ስታነሳ «አወቅከኝ?» ይልና ዝም ይላል። የኛ ሰው ደግሞ ዝምታ አይችልም። እንዴት አላውቅህም ካለ በኋላ ዝምታው ሲያስጨንቀው፣ ከልቡ የናፈቀውን ሰው ስም ያወጣል። ድምፁም እሱው ነኝ ይላል። ስሙን ፈልገን የምንሰጠው እኛ ነን፤ እሱ የሚቀበል ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ድምፁ የከተማው ግማሽ ዘመድ ሆነ። አንድ ቤት አጎት፣ አንድ ቤት የክርስትና አባት፣ አንድ ቤት ድሮ ቃል ገብቶ የቀረ እጮኛ። አንዲት ባልቴት ከብዙ ዓመት በፊት የቀበሩት ባላቸው ነው ብለው ተቀበሉት፤ ከሞትክ ወዲህ ድምፅህ አማረ አሉት፤ ሰውየውም አመሰገነ። ከሁሉም የሚፈልገው ትንሽ ነበር፤ ወደ ስልክህ የሚመጣውን ቁጥር አንብብልኝ፣ ለደኅንነትህ ነው፣ ቶሎ በል።

ሳሙና ሠሪው አቶ ጉልላት አነበበለት። በማግሥቱ የጉልላት ደጃፍ የጉልላት አልነበረም። በስሙ ሳሙና እየተሸጠ፣ ቀብድ እየተበላ፣ አንድም ሳሙና ሳይላክ፣ የሩቅ አገር ሰው ሁሉ ስሙን እየጠራ ይተፋ ጀመር። ጉልላት ለማንም አልተናገረም። ሳሙና ሰለቸኝ ብሎ እቤቱ ተቀመጠ። መንገድ ላይ ሳገኘው ያ ነገር እንዴት ሆነ አልኩት፤ ደህና ነው አለኝና ወደ ግድግዳው ዞረ። ሰው ከተሰረቀው ዕቃ ይልቅ መሰረቁን መደበቁ ያሳዝናል። ሌሎችም እንደሱ ነበሩ። አንዱ ዓይኔ ደከመ፣ አንዱ ንግድ ዕረፍት አይሰጥም እያለ ሱቁን ይዘጋል። ከተማው በድንገት በዕረፍት ፈላጊ ተሞላ።

የጥንቃቄ ቢሮ አንድ ነገር ሸተተው። ሹሙ ብርቱ ሰው ነው፤ ቢሮው ደጃፍ ላይ የሚጠነቀቅለት ዘበኛ፣ ዘበኛውን የሚጠነቀቅ ሌላ ዘበኛ አቁሟል። በየአደባባዩ ትልቅ ሰሌዳ አስተከለ፦ ከማታውቁት ሰው ተጠንቀቁ። ሕዝቡ አነበበና እፎይ አለ። የማናውቀው ሰው በሕግ ስለሌለ አደጋም የለም ማለት ነው። ቢሮው ከዚያ በኋላ ምንም አቤቱታ ስላልደረሰው ለራሱ ሽልማት ሰጠ።

ሹሙ ሽልማቱን ግድግዳ ላይ ሲሰቅል ስልኩ ጮኸ። ድምፁ አወቅከኝ አለው። ሹሙ ከሱ በላይ ካለው ሹም በቀር የሚፈራው ሰው የለምና ጌታዬ እርስዎ ነዎት ብሎ ተነሣ፤ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ቆሞ አዳመጠ። ድምፁ የቢሮውን ማኅተም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አለው፤ ላከለት። ከዚያ ወዲያ በከተማው ስልክ ሁሉ ማኅተም ያለበት መልእክት ይጎርፍ ጀመር፦ ደጃፍዎ እየተዘረፈ ነው፤ ሰው ሲደውልልዎ ቁጥሩን ሳይዘገዩ ያንብቡለት። መልእክቱ ለሹሙም ደረሰው። ቢሮዬ እንዲህ ቀልጣፋ መሆኑን እኔ እንኳ አላወቅኩም ብሎ ተደነቀ።

ለኔም ተደወለልኝ። ባይደወልልኝ ነበር የሚገርመው። አወቅከኝ ሲለኝ እንዴት አላውቅህም፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ አልኩት። እሱማ አለቀ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አለኝ። ወዲያው አወቅኩት፤ አበጋዝ ነው፣ የልጅነት ጓደኛዬ፤ ስንታገል ሁልጊዜ የምጥለው እኔ ነበርኩ። ሰዓቱ ሳይታወቀን አወራን። እንዲህ አገሩ የናፈቀው ሰው አይቼ አላውቅም። ማን እንዴት ነው፣ የማን ልጅ ውጭ አገር ሄደ፣ ማን ማንን ይናፍቃል እያለ አንድም ቤት አልዘለለም። እኔም አልሰሰትኩም። የሄደውንም የቀረውንም፣ አሄዳዱንም፣ እንደ አቅሜ አሳምሬ ነገርኩት። ለሩቅ ሰው ደረቅ ወሬ አይላክም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቆቤ ዘርፍ ተበጥሶ እትዬ ትርንጎ ዘንድ ሄድኩ። ስመኝ የምትባለው ሰፊዋ የስፌት መኪናው ላይ ነበረች፤ ምላሷ ከመርፌዋ የሚሾል ሴት ናት። ጋሼ ሹም፣ ዘርፉ የተበጠሰው ጭንቅላትዎ አድጎ ነው ወይስ ቆቡ አፍሮ አለችኝ። እትዬ ትርንጎ የአንድ ትልቅ የሠርግ ጃንጥላ ጨርቅ ከአጥንቶቹ ጋር እያጣበቀች ነበር፤ ሁለት እጇ እስከ አንጓው ሙጫ ነው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እጇን አሳየችን። ስመኝ ተንጠራርታ በጣቷ ጫፍ ነካችውና ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ከፈተችው።

«አወቅሽኝ?»

እንዴት አላውቅህም አለች እትዬ ትርንጎ። ዝም አለ። ከዚያ ፊቷ ቀስ ብሎ ሲለወጥ አየሁ።

«ዳምጤ?»

«እኔው ነኝ፣ እህትዬ።»

ሙጫው ከጣቷ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ አላየችውም። እንደዚያ ያለ ፊት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ስናገር ምንም አልጨመርኩም። ኖሯል። ከነድምፁ ኖሯል።

እኔ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ድምፁ የአበጋዝ ነው። ያ ጉንፋን የነካው፣ ያ ሞቅ ያለው። ወደ ስመኝ ዞር ስል እሷም ዓይኗ ፈጧል። ለካ ለሷ የክርስትና አባቷ ኖሯል። እስከዚያች ቀን ሁሉም ስልኩን በየራሱ ጆሮ ለጥፎ ነበር የሚሰማው፤ አንድ ድምፅ ሦስት ሰው ሆኖ አንድ ክፍል ውስጥ የገባው ያኔ ነው። ታዲያ ማን ይናገር? የሰው ወንድም ወንድምሽ አይደለም ማለት ይቻላል? ሁለታችንም በጨዋ ደንብ ዝም አልን። ብዙ ሰው በጨዋ ደንብ ገደል ገብቷል።

ድምፁ መናገር ጀመረ። የሱቁን ስም አይቶ ማልቀሱን፣ የእናታቸውን ፎቶ መሳሙን፣ አሁን የሩቅ ገበያ ጌቶች ዘንድ ተቀጥሮ መሥራቱን ነገራት። ዛሬ ግን ለሌላ ነገር ነው የደወለው፤ ሌቦች ደጃፏን ሊወስዱት ነው፣ ስሙም በዚያው ይጠፋል፣ በዓይኑ አይቷል። አሁን ቁጥር ይመጣላታል፤ እሱ እንዲዘጋባቸው ታንብብለት። ንግግሩን ሳይጨርስ ስልኩ ጢን አለ። ቁጥሩ መጥቷል።

ስመኝ ቁጥሩን ልታነብ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። እትዬ ትርንጎ ቆዪ አለቻት። ልትፈትነው እንዳይመስላችሁ፤ ናፍቆት ነው። ስንት ዓመት የጠበቀችውን ድምፅ ስለ ቁጥር ብቻ አውርቶ እንዲሄድ አልፈለገችም።

«ዳምጤ፣ የሄድክ ዕለት ትዝ ይልሃል?» አለችው።

«እንዴት ይረሳል! ጎርፉ ድልድዩን ወስዶት፣ እኔ በዋና ስሻገር፣ አንቺ ከወዲህ ማዶ ነጠላሽን እያውለበለብሽ...»

ያ ጎርፍ የኔ ነው።

ላስረዳችሁ። ዳምጠው የሄደው በደረቅ ቀትር፣ ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ፣ ከአንድ ፍየል ጎን ተቀምጦ ነው። እትዬ ትርንጎ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተቀቀለ በቆሎ ሰጠችው፤ መኪናው አልነሣ ብሎ ሰው ገፋው። እኔም ከገፉት አንዱ ነበርኩ፤ ዋናው ማለት ይቻላል። ታዲያ ሰው እንዲህ ካለች እህት ተለይቶ በሽንኩርት ላይ ይሄዳል? ከክብሩ ጋር አልሄድ ሲለኝ ጎርፍ ጨመርኩለት፤ እሷም ጎርፉን ከኔው አፍ ሰምታው ታውቃለች። ድልድዩንም አፈረስኩት። ነጠላውን ያውለበለብኩት ደግሞ ለአበጋዝ ስነግር ነው፤ ከሱ በቀር የሰማ የለም።

እትዬ ትርንጎ ቀና አለች። ስልኩን አላየችም። ያየችው እኔን ነው። ያን ጊዜ ሳልኩ። ሰዎች ዛሬ ያ ሳል በአጋጣሚ የመጣ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ጎርፉ የኔ ነው ልላት ነበር። አፌን እንደከፈትኩ ሳሉ ብቻ ወጣ፤ እሷም የሚበቃትን ያህል ሰማች።

ድምፁ ቸኮለ። ቁጥሩን፣ እህትዬ፣ ጊዜ የለም እያለ ደጋገመ።

እትዬ ትርንጎ የቆመችበትን ቦታ አስቡት። ቁጥሩ ከተነበበ ስሙ ይሄዳል፤ ስሙ ከሄደ ዳምጠው የትም ቢሆን የሚያየው ምልክት የለም፤ ሴቶቹም እንጀራቸውን ያጣሉ። ካልተነበበ ደግሞ፣ አሁን በጆሮዋ ያለውን ወንድም በገዛ አፏ ማባረሯ ነው። ምናልባትስ እሱ ቢሆን? ከተሰደደ ሰው ትዝታ ውስጥ ጎርፍ ሊገባ አይችልም? ይህን ሁሉ ፊቷ ላይ ሲሄድና ሲመጣ አየሁት። ሙጫው እጇ ላይ መድረቅ ጀምሮ ነበር።

«ማን ልበል?» አለች።

የስመኝ መቀስ ወደቀ። በዚያ ከተማ ውስጥ ሴት ልጅ ራቁቷን ወጣች ቢባል እንደዚያ አያስደነግጥም። ድምፁም ደንግጦ ምን አልሽ አላት።

«ማን ልበል አልኩህ። አላወቅኩህም። በድዬህ እንደሆነ ካሳው አለ፤ ና፣ አዝዬህ ቤትህ አደርስሃለሁ። ወንድሜ ከሆንክማ ቤትህ እዚሁ ነው፤ መንገዱም አጭር ነው።»

ድምፁ ሳቅ ለማለት ሞከረ። ተይው፣ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ቁጥሩን ብቻ አለ። በከተማችን ታሪክ መታዘሉን ይቅር ያለ ሰው አልነበረም። ድሀውም ሀብታሙም፣ እግሩ ቢሰበር እንኳ በቃሬዛ መጥቶ ይታዘላል።

እትዬ ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዳምጤን በጀርባዬ ነው ያሳደግኩት። ና ልዘልህ ብዬው እምቢ ያለበት ቀን የለም» አለችው። ከዚያ እጇ ሙጫ ስለሆነ በክርኗ ዘጋችው።

ቁጥሩን ማንም አላነበበውም። ጥቂት ቆይቶ ጊዜው አለፈበትና ዋጋ ቢስ ሆነ። እትዬ ትርንጎ እጇን በሞቀ ውሃ ስትታጠብ ብዙ ቆየች፤ ከሙጫው በላይ ቆየች። ተመልሳ ስትቀመጥ ወንድሜ እንደገና ሄደ አለች።

«እትዬ፣ ያ ሰውዬ መጥቶ አያውቅም» አለች ስመኝ። «ያልመጣ ሰው አይሄድም። ዳምጤ እንደሆነ ስሙን ሲያይ ይደውላል፤ ስሙ ደግሞ ይኸው አለ።»

ሕግ ግን ሕግ ነው። የጥንቃቄ ሹሙ አንድ ሰው መዋረዱን ሰምቶ መጣ። ተበዳዩ በአደባባይ ይቅረብና ይታዘል ተብሎ ተለፈፈ። እትዬ ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጀርባዋን አመቻችታ ቆመች። ከተማው በሙሉ ወጣ፤ ከጎረቤት ከተማ የመጣውን ስጨምር መሬት አይበቃም ነበር። ተበዳዩ ግን አልመጣም። ሰው ሲጠብቅ ያወራል። አንዱ የሰደበችው አጎቴን ነው ሲል፣ ሌላው የለም አማቼን ነው አለ። ባልቴቷ የሞተ ባሌን እንዲህ ትለዋለች ብለው አዘኑ። ሹሙ ጌታዬን ነው እንዴ ብሎ ኮቱን ቆለፈ፤ ትንሽ አሰበና ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ፈታው። ጫጫታው ጋብ አለ። አጎትየው ጉንፋን እንዳለበት፣ አማቹም ጉንፋን እንዳለበት፣ ሟቹም ጉንፋን እንዳለበት ቀስ በቀስ ታወቀ።

ያን ጊዜ ጉልላት ከግድግዳው ተላቆ ወደ መሃል መጣ። ሳሙና እንዳልሰለቸው፣ ቁጥሩን እንዳነበበ፣ ስሙ እንደተወሰደ፣ ሲናገር ቀና ብሎ አላየንም። ማንም አልሳቀም፤ ሊስቅ የሚችል ሰው ሁሉ የራሱ ጉንፋናም ዘመድ ነበረው። ለምን ቀድመህ አልነገርከንም ያለው አንድ ደፋር ብቻ ነው። እትዬ ትርንጎ ጀርባዋን እንዳጎነበሰች ነው የመለሰችው።

«ማን ጠይቆት ይንገረን?»

ከዚያ ቀን በኋላ ለሩቅ አገር ደንበኞች ሁሉ ያ ደጃፍ የጉልላት አይደለም እያልን ጻፍን፤ እኔ ብቻዬን ሺህ ጻፍኩ፤ ስመኝ ሁለት ነው ትላለች። እትዬ ትርንጎ ደግሞ ከምትልከው ጃንጥላ ሁሉ ጋር የጉልላትን ሳሙና ትከት ጀመር፤ ከነአዲስ ስሙ። ሳሙናው ጥሩ ስለነበር ሰው ጃንጥላውን ትቶ እሱን ማዘዝ ጀመረ፤ በዚህ ትንሽ ተኳርፈው ነበር።

ሕጉን አልሻርነውም፤ እኛ ሕግ አንሽርም። የእትዬ ትርንጎ ጉዳይ ተበዳዩ እስኪቀርብ ድረስ በቀጠሮ አደረ፤ ያ ጉዳይ ሳይዘጋ ደግሞ በዚያ ጥፋት ሌላ ሰው መክሰስ አይቻልም። ተበዳዩ እስካሁን እየተጠበቀ ነው። ስለዚህ ማን ልበል ማለት ነውር እንደሆነ አለ፤ ግን ሁሉም ይላል።

እትዬ ትርንጎ አሁን ስልክ ስታነሳ አትቸኩልም። ማን ልበል ትላለች፤ ስሙን ሲነግራት ትዘጋና ራሷ በምታውቀው ቁጥር መልሳ ትደውላለች። እውነተኛው ሰው ይስቃል፤ ሌላው አያነሳም። ማኅተም ያለበት መልእክት ከመጣ ለስመኝ ታሳያታለች፤ ስመኝ ከሌለች ለመንገደኛ ታሳያለች፤ ብቻዋን አትወስንም። ቶሎ በይ ያላት ሰው እንደሆነ ሙጫዋን ማማሰል ትጀምራለች። ስለ ቁጥሩ ሲጠይቋት ለመልአክም አላነብም ትላለች፤ መልአክ ከሆነ ያውቀዋል። ስልኳ ዛሬም አይጠፋም።

ያልጠበቅነው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዎች ጃንጥላ ሳይፈልጉ ወደ ሱቋ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዲት ጎመን ሻጭ መጣች። እትዬ ትርንጎ እንደ ልማዷ ከስፌቷ ቀና ብላ ማን ልበል አለቻት። ሴትየዋ መልስ ልትሰጥ ስትል እንባዋ መጣ። ሁሉም እንደሚያውቃት ሆኖ ስንት ዘመን ኖራለች፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ቁጭ ብላ ስታወራ ዋለች፤ ጎመኑ ጠወለገ። በማግሥቱ ሁለት መጡ። ከዚያ ሰልፍ ሆነ፤ ሰልፉ ሐይቁ ዳር ደርሶ ነበር፤ ውሃ ውስጥ የገባም ነበር።

እኔም ተሰለፍኩ። ቆቤን አውልቄ በብብቴ ያዝኩት። ወደፊት በሄድኩ ቁጥር የምላትን አዘጋጅ ነበር፦ ትውልዴን ከሰባት ቤት፣ ድሎቼን፣ መቶውን ሳል። ጎርፍም ሳይኖርበት አይቀርም። ተራዬ ደረሰ። እትዬ ትርንጎ ዳዴ ስል ጀምሮ ታውቀኛለች። ከጨርቁ ላይ ቀና ብላ፣ ጊዜ እንዳላት ሴት፣ አየችኝ።

«ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኳት።

«ሌላስ?» አለች።

«ይኸው ነው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝና የጨርቁን ጫፍ አቀበለችኝ፤ ሳልጎትት ያዝኩላት።